የሁለተኛው ስውር ሱባዔ

የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን ጣና ከሰማይ ጋር ተጋጥሞ ነበርና፣ ጉም የለበሰውን ውኃ ጉም ከለበሰው ደን የሚለይ ዓይን አልነበረም። ሥርጉት በዘጌ የቡና ዛፎች ሥር ከተቀለሱት የሱባዔ ጎጆዎች በአንዲቱ ተቀምጣ፣ ከማተቧ ጋር ያንጠለጠለቻትን ጣት የምታህል ብልቃጥ በነጠላዋ ውስጥ ትዳብሳለች። የመጣችው ልትጸልይና ያችን ብልቃጥ ወደ ሐይቁ ልትጥል ነው። ጸሎቱን ጀምራለች፤ ብልቃጧን ግን እጇ አልለቅ ብሏል።

ብልቃጧ ከዓይን የተሰወረ ሥጋን የምትመልስ መድኃኒት የያዘች ናት። ሥርጉት በባሕር ዳር በአንድ የምርምር ቤት ስትሠራ፣ ብርሃን በሰው ገላ ላይ ሳያርፍ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ፈሳሽ ከቀመሙት አንዷ ነበረች። መጀመሪያ የተወጋው ባልደረባዋ ቢያዝን ነው። ቢያዝን ገላው ከዓይን በጠፋ ጊዜ ሳቀ፤ ሲሰነብት እፍረቱም ጠፋ፤ በመጨረሻም ዘበኛውን በማይታይ እጁ አንቆ ገደለና ራሱም ሐይቅ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥርጉት አንድ ነገር አመነች፤ መመለሻው እስካለ ድረስ ለመሰወር የሚደፍር ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ቀመሩን አጥፍታ፣ የቀረችውን አንዲት ብልቃጥ ከነመርፌዋ ይዛ ወጣች። የምርምር ቤቱ ሰዎች ከእርሷ ተደብቀው ሁለተኛ ሰው መውጋታቸውን አላወቀችም።

ያወቀችው ከሐይቁ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ ዝናቡ መሬት ሳይደርስ በአየር ላይ ትከሻ ሠርቶ ሲወርድ ባየች ጊዜ ነው።

“አይሩጡ፣ ዶክተር” አላት ባዶው። “ክንዱ እባላለሁ። ከቢያዝን ቀጥሎ የተወጋሁት እኔ ነኝ።”

ድምፁ የዛለ ነበር። ገላው ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ መሄዱን፣ ጾሙ ሳይፈታ እንደሚሞት የምርምር ቤቱ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቶ መኮብለሉን ነገራት። የበላው እህል እስኪዋሐደው ድረስ በሆዱ ውስጥ ስለሚታይ፣ ከሱባዔተኛው ጋር እየጾመ መሰንበቱንም አልደበቃትም። የመጣው በአንገቷ ስላለው መመለሻ ነበር።

“ታዲያ ከአንገቴ በጥሰህ ለምን አልወሰድህም?”

“ወስጄስ? አወጋጉን አላውቅም። እጅዎ ያስፈልገኛል።”

ያስፈራት ይህ መልስ ነው። ቢያዝንም የፈለገው እስኪሞላለት ድረስ አንደበቱ ማር ነበር። የዚህ ሰው ትሕትና ከልቡ ይሁን ከችግሩ በምን ታውቃለች? የምታነበው ፊት የለውም። ሂድ አለችው፤ ዝናቡ ትከሻውን እንደ ሠራ በቡናው መካከል ራቀ።

ከጎረቤት ጎጆ አገርነሽ፣ ከመሸንቲ ለሱባዔ የመጣች ሳቂታ ባልቴት፣ ብቅ ብላ ታይ ነበር።

“አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወጊው? ጾሙ ራስሽ ላይ ወጣ?”

ወዲያው ግን ባለቤት የሌለው እግር በጭቃው ላይ ዱካ እየተወ ሲሄድ አየችና አማተበች። በገዳም አካባቢ ከሰው ዓይን የተሰወሩ ቅዱሳን እንዳሉ ከልጅነቷ ስትሰማ ያደገች ናትና አልተጠራጠረችም። ሳይመሽ ወሬው ደኑን አዳረሰ። በየጎጆው ደጃፍ ለስውሩ አባት ቆሎ ይቀመጥ ጀመር፤ ሲነጋ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሁሉም አመሰገነ።

ሥርጉት ነገሩን ሁሉ ለንስሐ አባቷ ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ አስረዳች። እሳቸውም በመቋሚያቸው ተደግፈው ሰሟት። ቀድሞም ሥር ምሰው፣ ቅጠል በጥሰው መስተሰውር የሚሹ የተማሩ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ተሳካልኝ ያለውም ከሰው ዓይን እንጂ ከራሱ እንዳላመለጠ አወጉላት።

“አዳም በገነት ዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ ጌታ ‘አይቴ ሀሎከ፣ ወዴት ነህ’ ብሎ ጠየቀው እንጂ ዛፎቹን አላቃጠለበትም” አሏት። “አንቺም የሚለውን ስሚ።”

“ፊቱን ሳላይ እንዴት ልመነው፣ አባቴ?”

“ልጄ፣ እኔ ንስሐ የምሰማው አንገቱን ከደፋ ሰው ነው። የማንን ፊት አይቼ አውቃለሁ?”

በማግስቱ ቅዳሴው ሲያበቃ ሕዝቡ የቅዳሴ ጠበል ሊጠጣ ተሰለፈ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ በማንቆርቆሪያ እየቀዱ በየእፍኙ ያፈሱ ነበር። ሥርጉት ከሴቶቹ ወገን ሆና ስታይ፣ በወንዶቹ ሰልፍ መጨረሻ የፈሰሰው ውኃ በአየር ላይ ቆመ። ሁለት መዳፍ ገጥሞ የያዘውን ያህል ውኃ ነው፤ የጉሙን ብርሃን ጠጥቶ ይንቀጠቀጣል። ክንዱ ኋላ እንደ ነገራት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ እጁን ሳይዘረጋ ወጥቶ አያውቅም፤ ልማዱ ጥንቃቄውን ቀደመው።

ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ። እልልታው ደኑን ሞላ። አገርነሽ በጉልበቷ እየዳኸች ደርሳ፣ የማይታየውን እግር ጨበጠችና “ይባርኩን፣ አባታችን” አለች።

ሥርጉት ብልቃጧን አጥብቃ ያዘች። ቢያዝን ቢሆን ይህን ስግደት እስኪሰክር ይጠጣው ነበር።

“ተነሡ፣ እናቴ” አለ ድምፁ። “ቅዱስ አይደለሁም። ሰው ሳያየኝ የልቤን ላደርስ የተመኘሁ ኃጢአተኛ ነኝ። አሁን ርቦኛል፤ ራቁቴንም ነኝ።”

አገርነሽ እሳት እንደ ነካው ሁሉ እጇን ከእግሩ ላይ ሰበሰበች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

“ራቁቱን? በስመ አብ! ታዲያ ያን ሁሉ ቆሎ ማን በላው?”

“ጦጣ” አለ ክንዱ።

አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው፤ ሌላውም ተከተለ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ጋቢያቸውን አውልቀው ከውኃው በላይ ጣሉት፤ ጋቢውም ትከሻ አወጣ። ሥርጉት ሕዝቡ ሰግዶለት ሳለ ‘ተነሡ’ ያለውን ድምፅ በልቧ ደግማ ሰማችውና፣ የሴቶቹን ወገን ለቅቃ ተሻገረች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን መርፌ ፈታች። የክንዱን እጅ በጣቷ እየዳሰሰች የደም ምቱን አገኘች፤ ምቱ እንደ ሩቅ ከበሮ ደካማ ነበር። ብልቃጧ እስክትደርቅ ድረስ ወጋችው።

በመጀመሪያ የታዩት የደም ሥሮቹ ናቸው፤ በጉሙ ውስጥ እንደ ቀይ ሐረግ ተንጠልጥለው። ከዚያ ሥጋው፣ ሐይቁ ሲገለጥ ደሴቶቹ እንደሚወጡ፣ በየቦታው ብቅ ብቅ አለ። በመጨረሻ ፊቱ መጣ፤ የከሳ፣ ጢሙ የጎፈረ፣ እርሷ ካሰበችው እጅግ የሚያንስ ወጣት ፊት። ሁሉም ያዩት ነበር፤ እርሱ ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ለቅዱስ የሰገዱት ሰዎች ጭቃውን ከግንባራቸው ጠርገው ለሰው መንገድ ለቀቁ።

“ጠበልህ ፈሰሰ” አሉ አባ ተክለ ጊዮርጊስ። “ዘርጋ።”

እጁን ዘረጋ።