ለግሬናዳ አንድ ደቂቃ

መምህር አምባዬ በወላጆች ፊት ስለደረሰን አገር የምንናገርበትን ደቂቃ ያከፋፈሉን በአገር ስፋት ነው። አሜሪካ ለደረሰው ለብሩህ ሃያ ደቂቃ፣ ግሬናዳ ለደረሰችኝ ለእኔ አንድ። ዕጣውን ሁላችንም ያወጣነው ከአንድ ኮፍያ ውስጥ ነበር እኮ።

“ዩስራ፣ ያንቺ አገር ሲናና ወረዳ ውስጥ ሦስቴ ትገባለች” አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እናቴ ታማ ሁለት ዓመት ሱቅ ስለጠበቅኩ በአስራ ስድስት ዓመቴ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ሲስቁብኝ ለምጄዋለሁ። ይሄኛው ግን አንገበገበኝ።

ሁለት ሳምንት ለፍቻለሁ። ግሬናዳ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። መሃሏ ተራራ ነው፤ እሳተ ገሞራው የጠፋ፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የተኛበት። ገውዝ ከማብቀሏ ብዛት ባንዲራዋ ላይ ስላዋለች። ይሄን ለእናቴ ለሀዋኒ ነገርኳት። እሷ ሮቤ ገበያ ላይ ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ገውዙን በእጇ ስትመዝን ከየት እንደሚመጣ አንድም ሰው ነግሯት አያውቅም። “ኢንተላ ኮ፣ መጥቼ እሰማሻለሁ” አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። በገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ፣ በሚኒባስ ትምህርት ቤቴ እስካለበት ጎባ ድረስ መጣች።

አዳራሹ በወላጅ ሞልቷል። ብሩህ አባቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አትሞ የሰጠውን ወረቀት ያነባል፣ ያነባል። አስራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ይመስለኛል፣ “እንደ ፈረንጆቹ በ1983 አሜሪካ ወታደር ልካ ግሬናዳን ነፃ አወጣች” ብሎ ገጹን ገለበጠ። በቃ። አገሬ በአንድ መስመር አለቀች። ተጨበጨበለት።

መምህር አምባዬ ሰዓታቸውን አዩና ማይኩን ያዙ። “ግሬናዳን ብሩህ አንስቶልናል፤ ጊዜም የለን፣ እንለፋት።”

ወደ ኋላ ዞርኩ። እናቴ ከጎኗ ያለችውን ሴት የእኔ ተራ መቼ እንደሆነ ትጠይቃለች። ጭኗ ላይ በፌስታል ገውዝ ይዛለች፤ ለሰው ላሳይልሽ ብላ።

ተነስቼ ወደፊት ሄድኩ። ተቀመጪ አሉኝ። አንድ ደቂቃዬን ነው የምፈልገው አልኩ። ማይኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

“ይያዙት መምህር። እኔ ገበያ ውስጥ ነው ያደግኩት።”

ቲማቲም እንደሚሸጥ ሰው ጮኼ ጀመርኩ። የደሴቲቱ የመጀመሪያ ሰዎች ፈረንሳዮች ሲያሳድዷቸው አንማረክም ብለው ከገደል ወደ ባሕር መዝለላቸውን ተናገርኩ። ከዚያ ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስሮ የመጣው ሰው ሸንኮራ አገዳ እየቆረጠ ሌላውን ማበልጸጉን፣ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የእነሱ ልጆች መሆናቸውን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ እንደ ዳቦ ሲነጣጠቋት ኖረው እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ራሷን መቻሏን ተናገርኩ። ብሩህ ወዳለው ዓመት ስደርስ ይባስ ጮህኩ፤ ከንዴት ነው። የግሬናዳ ሰዎች ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን የገዛ ወታደሮቻቸው ገድለውባቸው ሐዘን ላይ ነበሩ። አሜሪካ ስትገባ ደስ ያለው አለ፣ ያንገሸገሸው አለ።

“ብሩህ፣ አንተ ነፃ አወጣች ያልከው የትኛውን ጠይቀህ ነው?”

ብሩህ ወረቀቱን አየ።

“ደቂቃሽ አልቋል” አሉ መምህር አምባዬ።

እውነታቸውን ነው፣ አልቋል። ልመለስ ስል እናቴ ከኋላ ተነሳች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ፌስታሉ እጇ ላይ ይንኮሻኮሻል።

“ሰዎቹ ከገደል ሲዘሉ ልጆቻቸውንም ይዘው ነው?”

ሁሉም እኔን ያያል። እኔ መምህሬን አየሁ።

“ደቂቃ የለኝም እማ። አገራችን ትንሽ ናት።”

ማንም አልሳቀም። መምህር አምባዬ ፊታቸው ቀላ። ሰዓታቸውን ሊያዩ ክንዳቸውን አነሱና ሳያዩት መልሰው አወረዱት፤ ከዚያ ማይኩን ዘረጉልኝ። ይቅርታ አላሉኝም። እኔም አላመሰገንኳቸውም፣ ንዴቴ እንዳለ ነበር። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ለእናቴ ከገደሉ ጀመርኩላት።