የሠርጉ ሱፍ

ጡረታ የወጣው ልብስ ሰፊ፣ ውሻው ቤት ከገባ ጀምሮ ሚስቱን «ወይ እሱ፣ ወይ እኔ!» እንዳላት ነው። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች። ዛሬ ግን የመኝታ ቤቱ ሽታ ትዕግሥቷን ስላስጨረሳት፣ ቁልፉን ከኪሱ መንትፋ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። በገዛ እጁ ሰፍቶ የተሞሸረበት፣ ማንንም የማያስነካው ሱፍ የለም። በቦታው የጽጌረዳው ማዳበሪያ ከነጆንያው ተጎልቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?»

«የአጥንት ዱቄት ነው። ይሄ ሆዳም ውሻሽ ከበላው አንጀቱን ዘግቶ ይገድለዋል አሉ። የዕቃ ቤቱን በር እንደሆነ በአፍንጫው ገፍቶ ይገባል፤ ቁልፍ ያለው ይሄ ብቻ ነው።»

«ሱፍህስ?»

«ዕቃ ቤት፣ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት» አለና ፊቱን አዞረ። «ልብስ እንደሆነ አይሞት!»