ወንዙን በጀርባዬ ያገድኩበት ቀን

በራውዳል ወንዝ ላይ እንደኔ ያለ ሳልሞን ዓሣ አጥማጅ አልተፈጠረም። አባቴ ይበልጠኝ ነበር ይላሉ፤ እሱ ግን ከሞተ ቆይቷል፣ አይከራከረኝም። በዚያ ጥቅምት የያዝኳቸው ሴቴ ሳልሞኖች ጥጃ ጥጃ ያህሉ ነበር። የዓሣ ማፈልፈያ ያላት ሬይዱን ሆዳቸውን በቀስታ እያሸች ዕንቁላሉን በሳህን ስትቀበል፣ የወንዱን ዘር ስታፈስበት፣ እነዚያን ጥጆች አቅፌ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ዕንቁላሉ በማፈልፈያ ቤቷ ትሪዎች ላይ ይተኛል። የፅንሱ ጥቁር ዓይን በቅርፊቱ ውስጥ ሲታይ እስከ ባሕሩ ድረስ ላሉት ማፈልፈያዎች ይከፋፈላል። ከዚያ በፊት ትሪውን የነቀነቀ ገዳይ ነው። በሽታ ወንዛችንን ባዶ ስላስቀረው፣ የራውዳል ሳልሞን ዘር በዚያ ዓመት ከእነዚያ ትሪዎች ሌላ የትም አልነበረም።

ዓይኑ ሳይወጣ ብርዱ መጣ። የተፋኸው ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር የሚሆንበት ብርድ! ከቀትር በኋላ ሬይዱን ደወለች።

«ስቴይናር፣ ውኃው ቆመ። ወሬህን ቤት ትተህ ቶሎ ና!»

ስደርስ የታችኛው ማፈልፈያ ሰው፣ ኦድቫር፣ በርሜል በጫነ መኪናው ቀድሞኛል። ከወንዙ የሚመጣው ቧንቧ አፉ በበረዶ ተደፍኗል። ትሪዎቹ ያሉበት ገንዳ ውኃ እየሸሸ ዕንቁላሎቹ ብቅ ብቅ ብለዋል።

«ወደ በርሜሌ እንጫናቸው!» አለ ኦድቫር።

«እጅህን ሰብስብ! ከተነሱ አለቁ» አለች ሬይዱን።

«ካልተነሱስ አይደርቁም?»

«እርጥብ ጨርቅ አለብሳቸዋለሁ፤ ጥቂት ይታገሳሉ። ስቴይናር፣ በረዶውን ስበር። ኦድቫር፣ አንተ የቧንቧውን መዝጊያ ዝጋልኝ፤ ውኃው በአንዴ ከገባ ያንከባልላቸዋል። ቀስ እያልኩ እኔ እከፍተዋለሁ።»

ኦድቫር ባለ በሌለ ጉልበቱ ጠመዘዘው። ቀጭ! እጀታው እጁ ላይ ቀረ። መዝጊያው እንደተከፈተ ነው።

«በል እንግዲህ ብላው!» አልኩት።

ሬይዱን ፊቷ ነጣ። ቧንቧው ቢከፈት ጎርፍ፣ ባይከፈት ድርቀት።

«መዝጊያው እኔ እሆናለሁ» አልኳት።

«አንተ? አፍህን እንኳ ዘግተህ አታውቅም!»

ወንዙ ውስጥ ገባሁ። በረዶውን በብረት ዘንግ ሰባበርኩና ቧንቧው ውኃውን ሲስብ ጀርባዬን ለጠፍኩበት። ወንዙ ተራራውን አስከትሎ በትከሻዬ ሊያልፍ ታገለኝ። ኦድቫር በወንዙና በማፈልፈያው ቤት መሐል ቆሞ የሬይዱንን ቃል ይጮህልኛል።

«ትንሽ ልቀቅ!»

ትከሻዬን አነሳሁ።

«በዛ! በዛ! ዝጋ!»

ዘጋሁ። እግሬ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ኋላ የሌላ ሰው እግር ሆነ።

«ስቴይናር፣ አለህ?»

«አንተን ለመቅበር አለሁ! ምን ትላለች?»

«ትሪዎቹ ላይ አጎንብሳለች፤ እንዳለህ ቆይ!»

ጀርባዬን ይበልጥ ለጠፍኩ።

በመጨረሻ ራሷ ብቅ አለች። «ልቀቅ። ውኃው ጨርቁን ሸፍኗል፤ አሁን አያንከባልላቸውም።»

ኦድቫር እንደ ግንድ ጎትቶ አወጣኝ። የሞተ ዕንቁላል እንደ ወተት ይነጣል፤ በውኃው መግቢያ በኩል ያለችው ትሪ እየነጣች ነበር። ስለ ሌሎቹ ብጠይቃት «ገና ነው» ብቻ አለች። ለሳምንታት ከዚያ ቤት አልራቀችም፤ እኔ እንኳ በጫማዬ ጫፍ ነበር የምገባው።

አንድ ጠዋት መብራቱን ወደ ትሪዎቹ አቀረበችና እጄን ያዘችው። በየቅርፊቱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ጥቁር ነጥብ። አንድ ሚሊዮን ዓይን አፈጠጠብኝ፤ ቢያንስ።

ኦድቫር ድርሻውን ሊወስድ ሲመጣ ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ለኔም ትሰጪኛለሽ?»

«ዘሩ አንድ ቤት ብቻ እንዳይቀመጥ ያንን እጀታ ሰብረህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?» ብላ ዕንቁላሎቹን በእርጥብ ጨርቅና በበረዶ የያዘውን ሳጥን አስታቀፈችው። «በመንገድህ ቀስ በል።»

ያ በሬ የሚያህል ሰው በበረዶው ላይ እስከ መኪናው ድረስ እንደ ሙሽራ ተራመደ።