ለሁለት እጅ ብቻ የሚባል ቃል

የእንጨት መሰንጠቂያው መጋዝ የአባቴን የአኒሴታስን ቀኝ እጅ ሲወስድ እኔ ገና አልተወለድኩም። እናቴ ባርቦራ በስተርጅናዋ ግራ ጎኗ ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ድንች ሲልጡ እሱ በግራው ይይዛል፣ እሷ በቀኟ ትልጣለች።

«አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ ተንሸራተተ።»

«አንቺም ልጣጩን አታወፍሪው፣ የሚበላው አሳማ የለንም።»

አባቴ ብዙ አልተማረም፤ እጁን ካጣ ወዲህ ግን መዝገበ ቃላት ማንበብ ለመደ። በቋንቋችን እጅን «ራንካ» እንላለን። ቃሉ መልቀም ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ እጅ ማለት ለቃሚ ማለት ነው ይል ነበር። በአያቴ አነጋገር ደግሞ ለአንድ እጅና ለብዙ እጅ ከሚባለው ሌላ፣ ለሁለት ብቻ የሚባል ቃል ነበር፤ «ራንኪ»።

«የኔና ያንቺ ሲደመር ራንኪ ነው» ይላታል።

«መጋዙ እጅህን ወሰደ፣ መጽሐፉ ደግሞ ቀልብህን።»

እሷን የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። በእኛ ዘንድ የሚሞት ሰው ካህኑ የባረከውን ሻማ አብርቶ ይይዛል፤ ሻማው ከወደቀ ነፍሱ በጨለማ ትሄዳለች። የእናቷ ሻማ ወድቆ ነበር።

«የኔ እንዳይወድቅ» ትለን ነበር።

ቀኗ ሲደርስ ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ። አባቴ በላያቸው ጨበጠላት። ሻማው እያጠረ፣ ሰሙ በእጁ ላይ እየፈሰሰ ሄደ።

«አባዬ፣ ልተካህ። ተቃጠልክ እኮ።»

«ተዪኝ። ስንቀያየር ይወድቃል።»

«ግትር ሽማግሌ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ትንፋሿ ሲቆም ሻማውን አጠፋሁ። እጆቻቸውን ሳላቅቅ የአባቴ ቆዳ ከሰሙ ጋር ተነሳ።

ለቀስተኞቹ መዝሙር ሲያወርዱ፣ ያለችው አንድ እጁ ስለተቃጠለች አባቴን በማንኪያ አጎርሰው ነበር።

«የሻማውን ቁራጭ አስቀምጪው» አለኝ። «የኔን ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ አለሁ።»

«እንግዲያስ በሁለቱም ያዥ።»

አባቴ የሞተው ሆስፒታል ነው። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ስለነበር እሳት መለኮስ አይቻልም አሉኝ። ቁራጩን ሳይበራ ሰሙ እጁ ላይ በተወው ጠባሳ ላይ አስቀምጬ፣ እጁን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። አልወደቀም። ብርሃን ግን አልነበረውም።