ባዶ ብረት የለውም

አሮጊቷ የቆርቆሮውን ክዳን ዙሪያውን በጥፍራቸው ዳሰሱና ወደ ቀለም ሻጩ መልሰው ገፉት።

«ይኼ ተከፍቶ ያውቃል» አሉ።

«እናቴ፣ አሁን በፊትዎ ነው ከካርቶን ያወጣሁት።»

«ካርቶኑስ?»

ሻጩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የሰፈር ልጆች «ጉምሩክ» የሚሏቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ሳይፈተሽ በእጃቸው የሚያልፍ ዕቃ የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ለግቢው በር ቀለም ገዝተው፣ ለካ ግማሹ ቲነር ኖሮ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ተንዠቅዥቆ ወርዶ ደጃፉን አጨማልቆታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ዛሬ የሚቀባው ደግሞ የግቢ በር ሳይሆን የልጅ ልጃቸው መኪና ነው።

ልጅቷ ከጎናቸው ቆማለች። ስንት ዓመት የሰው መኪና ስትነዳ ኖራ በመጨረሻ ይህችን አሮጌ መኪና ገዛች። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንድታመላልስለት ለዓመት ሊዋዋላት ፈቅዷል፤ ግን ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ከታየች በኋላ ነው። «ዝገት ባበቀለ መኪና የሰው ልጅ አልጭንም» ብለዋታል ዳይሬክተሯ። ባለሙያ ዘንድ ለማስቀባት አቅሙ ስለሌላት ራሷ ልትቀባ ቆርጣ፣ አራት ቀን ሙሉ ግቢ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ሰነበተች። ቀለም መርጫውን የተዋሰችው እስከ እሑድ ነው። በዕድሜዋ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ በቀር የቀባችው ነገር የለም።

ይህን ግን ማንም መስማት የለበትም። አያቷ መንገድ ላይ ክንዷን ይዘው መክረዋታል። «አላዋቂ መሆናችንን ካወቀ አለቀልን፤ ያልተሸጠለትን ሁሉ ነው የሚያሸክመን። አንቺ አፍሽን ያዢ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።»

«በሉ እሺ» አለ ሻጩ፣ «ከቀለሙ በፊት ከሥር የሚቀባውን ፕራይመር እንምረጥ። ስትፍቁት ባዶ ብረት ወጣ?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ምን ሊያሸክማቸው ነው እንዲህ የሚጠይቀው? ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከነማጠንከሪያው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተደረደረው፣ ውድ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ባዶ ብረት የለውም» አሉ። «ላይ ላዩን ነው ያስነካነው። ደግሞም መኪና ስንቀባ የመጀመሪያችን አይደለም።»

ልጅቷ አቀርቅራ ጫማዋን አየች። ሁለቱ የግራ በሮችና የሞተሩ ክዳን እንደ ታጠበ ማንኪያ እያብለጨለጩ ነው ጥለዋቸው የመጡት።

«እንግዲያማ ተገላገላችሁ።» ሻጩ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አወጣ። «ይቺ ትበቃችኋለች። ዋጋዋም ቀላል ነው።»

አሮጊቷ ደነገጡ። ነጋዴ ሳይለምኑት በገዛ እጁ ርካሹን ሲያነሳ አይተው አያውቁም።

«ጊዜው ያለፈበት ነው እንዴ?»

«ቀኑ ይኸው፣ ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ገና ዓመት ይቀረዋል። ይህ ደግሞ የባሰ አሳሰባቸው።

«ያንን የላዩን ለምን ደበቅኸን?»

«ተሰቅሎ የሚታየውን ምኑን ደበቅሁት? እሱ ባዶ ብረት ላይ የሚይዘው ነው። እናንተ ደግሞ ባዶ ብረት የለውም አላችሁኝ። የማይሆንዎትን ሸጬልዎት ነገ ሊረግሙኝ?»

«እንደው ለነገሩ ልጠይቅህ፤ ይኼኛው ብረት ላይ ቢቀባስ?»

«የተቀባ ዕለት ያምራል። ሳምንቱንም ያምራል። ከዚያ ሁለት ሦስት ዝናብ ሲመታው እንደ ሽንኩርት ይላጣል።»

«እምዬ...» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ቆይ፣ አታቋርጪኝ።» አሮጊቷ የሻጩን እጅ አዩ። ጥፍሮቹ ሥር ታጥቦ ያልለቀቀ ቀለም አለ። «አንተ ራስህ ቀብተህ ታውቃለህ ወይስ ወሬውን ነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት። ደረቴ እምቢ ሲለኝ ነው ወደ መሸጥ የዞርኩት።» ሻጩ ወደ ልጅቷ አገጩን ቀሰረ። «ለመሆኑ የምትረጨው እሷ ናት? ጭምብል አላት?»

አሮጊቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ። አራት ቀን ስለ ሌባ፣ ስለ ቲነር፣ ስለ ሚዛን ሲያስቡ ከርመው፣ ልጅቷ ያንን ሁሉ ጭስ በምን አፍንጫ እንደምትስበው አንድም ጊዜ አላሰቡም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ስንቱን ሲመክሩ የኖሩ ሴት፣ ለሐኪሙ ዋሽተው ቆመዋል። ያም ሆኖ ምላሳቸው ቀደማቸው።

«ጭምብሉንም አንተው ልትሸጥልን ነዋ።»

«እኔ ጋ ያለው የአቧራ ነው፤ ለቀለም አይሆንም። ማዶ ካለው ሱቅ ማጣሪያ ያለውን ግዙላት።»

አሮጊቷ ሰውየውን ትክ ብለው አዩት። ነገር ፈለጉበት፤ አላገኙም። መነጽራቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ርካሹን ቆርቆሮ ወደ ሻጩ ገፉት።

«ይኼን መልሰው» አሉ። ከዚያ ከባንኮኒው ፊት ፈቀቅ ብለው የልጅ ልጃቸውን በትከሻዋ ወደፊት አቀረቧት። «ነይ፣ ስልክሽን አውጪና የበሮቹን ፎቶ አሳዪው። የመጀመሪያሽ መሆኑንም ንገሪው።»

ልጅቷ አያቷን አየች፤ የምር መሆናቸውን ስታውቅ ስልኳን አወጣች።

«አራት ቀን ነው የፋቅሁት» ብላ ጀመረች። «ከየት እስከ የት መፋቅ እንዳለብኝ እንኳ በደንብ አላወቅሁም ነበር...»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ያዙ፤ አላቋረጧትም።