ለእማማ አሰገደች የተጫነው ፍራሽ

ፍቅርአዲስ እናቷ መሞቷን ያወቀችው ወንድሟ በፍቃዱ በማለዳ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ደውሎ «እህቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ሲላት ነው። በፍቃዱ እንዴት አደርሽ የሚል ሰው አይደለም። ስልክ ካነሳችለት «ስሚ እንጂ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዛሬ ግን ድምፁ ለስልሶ፣ ለስልሶ፣ «እማማን ትንሽ አሟታል፤ የሚመችሽ ከሆነ ብቅ ብትይ» አላት። የሚመችሽ ከሆነ። እንግዲህ ይሄን ያልገባው ሰው ምን ይገባዋል?

ስልኩን ዘጋችና የጀመረችውን ሽንኩርት ከትፋ ጨረሰች። ሽንኩርቱ እንኳ አላስለቀሳትም።

መርዶ የራሱ ወግ አለው። በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ገብተው፣ ቁጭ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ካልተናገሩት በቀር ሞት አልተነገረም። እስከዚያ ድረስ ሟች ትንሽ አሟታል፣ ደከም ብሏታል፣ ሐኪም ቤት ናት። የሚነገረውም ሰው የራሱ ድርሻ አለበት፤ ቢያውቅም አላወቀም። መርዶ ያልደረሰው ሰው ደግሞ አያለቅስም፤ ቢያለቅስ ሟርተኛ ይባላል። ፍቅርአዲስ ይሄን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው፤ ስለዚህ አላለቀሰችም። ማልቀስ ይቅርና ምንም አልተሰማትም። ጥርስ ሐኪም በመርፌ ያደነዘዘው ድድ እንዴት ነው? ደረቷ እንደዚያ ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ እናቷ ሳትቀበር ፊቷን ማየት። በዚህ ሙቀት ድሬዳዋ ሬሳ አያሳድርም። ቢበዛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀብሯታል፤ እሷን ቆመው አይጠብቁም። ባቡሩ ነገ ነው። በመኪና ከሆነ ኬላውን አልፋ ስትደርስ ይመሻል።

የምትሠራው በጅቡቲ የሀብታም ሰፈር ሀራሙስ፣ ጌታው ለማለት ሙሴ በሚሉት በኒዛር ቤት ነው። ኒዛር የመኪና ዕቃ አስመጪ ነው፤ አያቶቹ ከየመን ተሻግረው የመጡ፣ እሱ ጅቡቲ ተወልዶ አማርኛን ከቤቱ ሠራተኞች የለቀመ። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የምትቆም፣ አራት ሰው የምትይዝ የራሱ አውሮፕላን አለችው። አርብ አርብ ባሕሩ ላይ ያንዣብብባታል፤ ሰው ገንዘብ ሲተርፈው የሚያደርገው አያጣም።

ጋሽ ዓለምሰገድ፣ በፍቃዱ ደውሎ ሳትነግሯት አምጡልኝ ብሏቸው ኖሮ፣ ከካርቲየ ሰባት ሰፈር ታክሲ ይዘው መጡ። ከአባቷ ጋር ሐዲድ ላይ የሠሩ፣ አባቷ ካረፈ ወዲህ በእሱ ቦታ የቆሙ ሰው ናቸው። ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ለመሆኑ በጅቡቲ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሶ የታመመ የሚጠይቅ ሰው የት አገር ነው ያለው? አየቻቸው፤ እሳቸውም እንዳየቻቸው አዩ።

«እማማ አሰገደች ትንሽ አሟቸዋል አሉ» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ።

«አዎ፤ በፍቃዱ ነግሮኛል» አለች።

ሽማግሌው ኒዛርን በረንዳ ላይ አገኙትና፣ እናቷ በጠና ታመዋል፣ በአውሮፕላኑ ቢያደርስልን ብለው ለመኑት። ኒዛር ደግ ሰው ነው፤ ሁለቴ አላስለመነም። ወዲያው ስልኩን አንስቶ በፈረንሳይኛም በዓረብኛም ሲነጋገር ቆየ። ለበሽተኛ ነው ስላለ ከሁለቱም አገር ፈቃዱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ፍቅርአዲስ ልቧ ትንሽ እንደመንቀሳቀስ አለ። አሁን ቢነሱ ይደርሳሉ።

ኒዛር ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት።

«ይዘናቸው እንመለሳለን» አላት። «እዚህ ጥሩ ሐኪም ያያቸዋል። ብቻ በሽተኛ ያለ ሐኪም አልጭንም። ሐኪሟ እህቴ ማይሙና ከሥራ ስትወጣ አብራን ትሄዳለች።»

ማይሙና ከሥራ የምትወጣው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ፍቅርአዲስ አፏን ከፈተች። ምን ልትል? እናቴ ሞታለች ልትል? ማን ነግሮሽ ቢላትስ? ገና በአገሩ ሰው አፍ ያልሞተችውን እናቷን እሷ ራሷ በአፏ ልትገድላት ነው? ወደ ጋሽ ዓለምሰገድ ዞረች። እሳቸው የኮታቸውን አዝራር ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ። እውነቱን ቢያወጡ ፈቃዱም ይቀራል፣ ለበፍቃዱ የገቡትም ቃል ይፈርሳል፣ በሰው ቤት የዋሹት ውሸትም ይገለጣል።

«እግዚአብሔር ይስጥልን ሙሴ» አሉ። «ሐኪም መኖሩ መልካም ነው።»

አምቡሊ ደርሰው ከአውሮፕላኗ አጠገብ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። ኒዛር ከኋላ አንዱን መቀመጫ ፈትቶ አወጣና በቦታው ቀጭን ፍራሽ አነጠፈ፤ ጫፉን አጠፈው፣ ትራስ አደረገ፣ ንጹሕ አንሶላ አለበሰው። የእናቱን አልጋ የሚያነጥፍ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ከዚያ ላቡን ጠርጎ፣ «አየሽ፤ እንዲህ ከሆነ አይጎዱም» አላት።

«አይጎዱም» አለች።

ያወጣው መቀመጫ ግን የጋሽ ዓለምሰገድ ነበር። ድሬዳዋ አብረው ሄደው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው መርዶውን ሊነግሯት የነበሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ቦታ የለም። ሽማግሌው ፍራሹን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ እንደገና ፍራሹን አዩ።

«እኔ እንኳ በሌላ ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረና ሳል አስመሰሉት።

ማይሙና የመጣችው ዘግይታ፣ ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። ጫት የሚገባበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ ነው አለች፤ ይቅርታም ጠየቀች። የሐኪም ቦርሳዋን ይዛ ከፍራሹ ጎን ገባች። ፍቅርአዲስ ከኒዛር ጎን ተቀመጠች፤ ኒዛር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ጋሽ ዓለምሰገድ ጥላው ሥር ቆመው እጃቸውን አነሱ። ማውለብለብ ይሁን ማማተብ አልለየችውም።

ተነሡ። ሀራሙስ ከነቪላዎቹ፣ ወደቡ፣ የካርቲየዎቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ከሥሯ አለፈ። በሕይወቷ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ትፈራ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እሷ አንጀቷን የት እንደጣለችው እንጃ። ከታች አባቷ ሲጠግነው የኖረው አሮጌው ሐዲድ ድንጋዩ መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። አየችው እንጂ ምንም አላለችውም።

«ያ ደወሌ ነው» አላት ኒዛር በማዳመጫው። «ድንበሩን አለፍን። አገርሽ ገባሽ።»

ከፊቱ ያለውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ፣ የቀብሩ ሰዓት፣ አልፏል።

«ሙሴ ኒዛር» አለች፣ «እናቴ ሞታለች።»

«ማን ነገረሽ? አሁን?»

«ማንም አልነገረኝም። ጠዋት ነው ያወቅሁት። ጋሽ ዓለምሰገድም ያውቃሉ።»

ኒዛር ዞሮ ባዶውን ፍራሽ አየ።

«እኛ ዘንድ» አለ፣ «በሽተኛ ሐኪም ይጠብቃል። ሬሳ ግን አይጠብቅም፤ ለቀብር ይሮጣል። አንድ ቃል ብትነግሩኝ ኖሮ ረፋድ ላይ ፈቃዱ እንደመጣ እነሣ ነበር። ስለ ፈቃዱ መጨነቅ የእኔ ፈንታ ነበር።» ቆጣ ብሎ ነበር የጀመረው፤ ሲጨርስ ግን ቁጣው በራሱ ላይ ዞረበት። «እኔ ፍራሽ ሳነጥፍ…»

«እርስዎ ምን ያድርጉ» አለች። «ወጋችን ነው።»

የፍጥነቱን ዘንግ እስከ መጨረሻው ገፋው። ማይሙና ከኋላ ማዳመጫ አልነበራትም፤ ምንም አልሰማችም።

ድሬዳዋ አረፉ። ፓስፖርታቸውን አሳይተው ሲወጡ፣ በፍቃዱ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አፈር ነው። የሱሪው ጉልበትም አፈር ነው። ፍቅርአዲስ ጫማውን አይታ አይኗን አነሳች።

«እማማስ?» አለችው።

«ደህና ናት፤ ሐኪም ቤት ተኝታለች» አለ በፍቃዱ፣ መሬት መሬት እያየ። «አሁን ሰው አያስገቡም። ዛሬ ከእኛ ጋር እደሪና ነገ በጠዋት…»

ነገ በጠዋት። ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል። እስከዚያ እራት ይቀርብላታል፣ ስለ ጅቡቲ ሙቀት ይጠይቋታል፤ እሷም ትመልሳለች። እሺ ልትል ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እሺ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

በዚህ መሀል ማይሙና ፍራሹን በብብቷ ይዛ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እያለከለከች ደረሰች። የነገራት ሰው የለም።

«የታመሙት የት ናቸው?» አለች በፈረንሳይኛ።

ሽማግሌዎቹ ፈረንሳይኛውን እነሱም ያውቁታል፤ የባቡር ከተማዋ የድሬ ሰዎች አይደሉ? አንገታቸውን ደፉ። በፍቃዱም ደፋ። ከኋላቸው ኒዛር መጣና ፍቅርአዲስ ፊት ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከቤቱ ሠራተኞች በለቀመው አማርኛ፣ «ፍቅርአዲስ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር» አላት።

አንዱ ሽማግሌ «ኧረ እባክህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ግን ተነግሯል።

ፍቅርአዲስ ወደ መሬት አዘነበለች። ማይሙና ምን እንደሆነ ባይገባትም ሰው ሲወድቅ ታውቃለች፤ ፍራሹን ፈጥና ዛፉ ሥር ዘረጋችው። ፍቅርአዲስ ለእናቷ የተጫነው ፍራሽ ላይ ተቀመጠችና፣ ከጠዋት ጀምሮ የት እንደነበረ ያልታወቀው ለቅሶ ወጣ። በፍቃዱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ፤ የጫማው አፈር አንሶላው ላይ ተራገፈ።