በኛ ነው በነሱ?

ፀሐይወርቅ ሎስ አንጀለስ ከገባች አሥራ አራት ወር ሲሞላት አንድ ነገር ልብ አለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ያላለችው ሰው የለም፤ «አብሮ ይስጠን» ያለችው ሰው ግን አንድም የለም። ልጇ አዜብ ተምራም ሠርታም ታስተዳድራታለች፣ የልጇ ጓደኞች በመኪና ያደርሷታል፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ እንኳ ግራ ስትጋባ ከመዳፏ ላይ ሳንቲሙን ለይቶ ይወስድላታል። እሷ ታመሰግናለች። አገሯ ሳለች ለሰርግም ለለቅሶም ቀድማ የምትጠራ ሴት፣ አርባ ሳይሞላት ተቀባይ ብቻ ሆና መቅረቷ አንገበገባት።

ከሁሉም የከበዳት የጋሼ ሳሙኤል ውለታ ነበር። ጋሼ ሳሙኤል ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከነአዜብ አፓርታማ ሥር የሚኖሩ፣ ሰባ ያለፋቸው አይሁዳዊ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ» ያለቻቸው ራሷ ናት፤ ሳሙኤል የሚባል ሰው በምን ሒሳብ ሚስተር ይባላል! በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ክሬንሾው ከሚባለው ሰፈር ስትመለስ አውቶቡስ ተሳስታ፣ የማታውቀው ማዕዘን ላይ ቆማ ስታለቅስ ያገኟት እሳቸው ናቸው። ቋንቋ የለ፣ ምን የለ፤ ዘንቢሏን ተቀበሏትና በዚያ በሚያማቸው ጉልበት በሯ ድረስ አደረሷት።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ አብራቸው ትቀመጣለች። የሽማግሌው ሥራ አንድ ነው። ሃምሳ ሃምሳ ሆኖ በወረቀት የተጠቀለለ ፔኒ፣ የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም፣ ከባንክ ያመጣሉ፣ ይፈቱታል፣ አንድ በአንድ እያገላበጡ ያያሉ፣ የፈለጉትን ለየዓመቱ ቀዳዳ ባለው ሰማያዊ ደብተር ላይ ይሰካሉ፣ ያልፈለጉትን ጠቅልለው ለባንኩ ይመልሳሉ። ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ላይ «እኒህ ሰውዬ ትንሽ ነካ ሳያደርጋቸው አይቀርም» ብላ አዝና ነበር። ቆይቶ ገባት። ጀርባው ላይ ሕንፃ ያለበት ፔኒ አዲስ ነውና ይመለሳል፤ ሁለት የስንዴ ዛላ ያለበት ግን አሮጌ ነውና ዓመቱ ይታያል። ስንዴ መለየት ደግሞ እሷን ማን ያስተምራታል!

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አዜብ ከደረጃው ሥር ከሽማግሌው ጋር ስታወራ ቆይታ ወጣች።

«እማዬ፣ ጋሼ ሳሙኤል ሊሄዱ ነው። ልጃቸው አሪዞና ቤት ገዝቷል፣ ሶ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሙቭ ያደርጋሉ።»

ፀሐይወርቅ ክው አለች። «ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«አረጁ ነዋ። የሚያሳዝነው ሳንቲም የሚሰኩበት ያ ሰማያዊ ደብተር ነው። ከባለቤታቸው ጋር ሠላሳ ዓመት ሲሞሉት ኖረው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረቻቸው። ሳንቲሟ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች እኮ! ባለቤታቸው ግን ‹እናገኛታለን እንጂ አንገዛትም› ብለው ምለው ነበር አሉ። ሴትዮዋም ሞቱ፣ ቀዳዳዋም ባዶዋን ቀረች።»

«የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?»

«1931። ከዓመቱ ሥር ኤስ አለባት፣ ያቺ ጠማማዋ ፊደል። ኦኬ? ፈተና አለብኝ፣ ላጥና።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ በነሱ 1978፣ በኛ ገና 1970 ነበር። ፀሐይወርቅ ቁጥር በተነገራት ቁጥር «በኛ ነው በነሱ?» እያለች ልጇን ስላሰለቸቻት፣ አዜብ ሁሉንም አስቀድማ በኛ እያደረገች መንገር ከጀመረች ቆይታለች። የዚያን ቀን ግን ፈተናው አጣደፋትና ሳትቀንስ ተናገረች። እናትየዋም የተቀነሰ መስሏት ሳትጠይቅ ተቀበለች። ደግሞስ 1931 ለሷ ተራ ቁጥር ነው? የተወለደችበት ዓመት ነው! በነሱ 1939፤ ፓስፖርቷ ላይ ተጽፏል። «እኔና ይቺ ሳንቲም እኩያ ነን» አለች፤ እግዜር የላከላት ሥራ መሰላት።

ለማንም አልተናገረችም፤ ድንገት ልታስደስታቸው ነው። አዜብ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ከኮሌጅ ስትመለስ ጥቅል ከባንክ ታመጣላታለች፣ የታየውን ትመልስላታለች። ፀሐይወርቅ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ጣቷ እስኪጠቁር 1939 ትፈልጋለች። አገኘች፣ ኤስ የለባትም። ደግማ አገኘች፣ አሁንም የለባትም። ተሳደበች፣ ራሷን ታዘበች፣ ቀጠለች። በዚህ መሐል አንዲት 1931 ከእጇ ገባች። በነሱ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ «የተወለድሽበት?» ስትባል የምትጽፈው ቁጥር አሜሪካ ሳንቲም ላይ ቁልጭ ብሎ ሲያያት እንዴት ትመልሰው? ከሥሩ ፊደል ይኑር አይኑር እንኳ አላየችም። እናቷ ጠገራ ብር አንገቷ ላይ እንደምታደርገው አደርጋታለሁ ብላ፣ ጋራዥ ለሚሠራው ለአዜብ ጓደኛ ለአበጋዝ እንዲበሳላት ሰጠችው። አበጋዝ ልቡ ንጹሕ ነው፤ ሥራው ግን ሁልጊዜ ነገ ነው። አዜብ እየሰማች በየቀኑ እየደወለች ትወቅሰው ነበር።

ሽማግሌው ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ጧት፣ 1939 ከነኤሷ ተገኘች። ፀሐይወርቅ እልል አለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳንቲሟን በመሐረብ ቋጥራ፣ አዜብን እየጎተተች ወረደች።

ጋሼ ሳሙኤል መሐረቡን ፈቱ። በአጉሊ መነጽር አዩ። ፈገግ አሉና እጇን መታ መታ አደረጉ። ያ ፈገግታ አልጣማትም፤ ለልጅ የሚፈገግ ዓይነት ነበር። ከታሸገው ካርቶን ደብተሩን አውጥተው ገለጡላት። የ1939 ቀዳዳ ከሞላ ስንት ዘመኑ። ጣታቸውን ወደ ባዶዋ ወሰዱ። ከሥሯ 1931 ይላል።

«አዜብ፣» አለች ፀሐይወርቅ፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «1931 ያልሽኝ በኛ ነው በነሱ?»

አዜብ አፏን በእጇ ያዘች። «ማይ ጋድ! በነሱ እማዬ። ሳልቀንስ ነው የነገርኩሽ።»

«እንግዲያው እጄ ገብታ ነበር።»

ሁለቱም እኩል አበጋዝ ትዝ አላቸው። ፀሐይወርቅ የሽማግሌውን ስልክ አነሳች።

«አበጋዝ! ያቺን ሳንቲም ምን አደረግሃት?»

«እትዬ ፀሐይ! ዛሬስ አትቆጪኝም፣ ፊኒሽ አድርጌያታለሁ! መሐሏን ብስት! ቆንጆ ሆናለች።»

ሠላሳ ዓመት የተፈለገችውን ሳንቲም በገዛ እጇ ለመሰርሰሪያ ሰጥታለች። መጥቀም አማርሽና ይኸው፣ አለች ለራሷ። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አዜብ ስልኩን ነጠቀቻት።

«አቤ፣ እውነቱን ንገረኝ። እማዬ እያለቀሰች ነው። በስተሃታል?»

«እ... ኖ። አልነካኋትም። ሳምንት ሙሉ ነገ ነገ ስል አፍሬ ነው። አሁኑኑ ልብሳት?»

«እንዳትነካት!» እናትና ልጅ እኩል ጮኹ። «ድራይቭ አድርገህ ና!»

አበጋዝ በሃያ ደቂቃ ደረሰ። ሳንቲሟን የመኪናው መተርኮሻ ውስጥ ከሲጋራ ቁራጭ ጋር ነው ያኖራት፤ እፍ ብሎ ለጋሼ ሳሙኤል ሰጣቸው። ፀሐይወርቅ ፊቷን አዞረች። ዓመቷ ልክ ነው። ኤሷ ከሌለች ግን ከየትም የምትገኝ ሳንቲም ናት፣ ነገ ደግሞ ሰውየው የሉም።

ሽማግሌው በመጀመሪያ በመነጽር አዩ። መነጽሩን ጠርገው ደግመው አዩ። ደብተሩን ጭናቸው ላይ አደረጉና ሳንቲሟን በአውራ ጣታቸው ቀዳዳዋ ውስጥ ጫን አደረጓት። ጠቅ አለች። ከዚያ «ሮዝ» አሉ፣ የሚስታቸውን ስም፤ እንባቸውንም አልደበቁም። ፀሐይወርቅም አብራቸው አለቀሰች፤ ደስታዋ ግን ደረቷን ሞልቶት ነበር።

ጋሼ ሳሙኤል ቦርሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አዜብ ተረጎመች፦ «ሳንቲሟ ብዙ ዋጋ አላት፣ በነፃ መውሰድ አይሆንልኝም እያሉ ነው።»

«ይክተቱት በያቸው!» ፀሐይወርቅ ተቆጣች። «ዘንቢሌን ሲሸከሙ ዋጋ ጠየቁኝ? በዚህ ከተማ አንድ ሰው እንኳ ከኔ እጅ ተቀብሎ ዝም ይበል እንጂ!»

አዜብ ይህን ስትተረጉምላቸው ቦርሳውን መለሱ። 1939ን ከመሐረቡ አንስተው በመዳፏ አስጨበጧት፣ የፓስፖርቷን ዓመት። አበጋዝ ወዲያው «እሷን እኔ እበሳታለሁ፣ ነገ...» ብሎ የሦስቱንም ዓይን ሲያይ፣ «ዛሬ፣ ዛሬ!» አለ።

ሽማግሌው ወደ አዜብ ጆሮ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። አዜብ በሹክሹክታ ሁለት ሦስቴ ደጋገመችላቸው። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ፀሐይወርቅ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እግዜር... ስጥልኝ» አሉ።

ፀሐይወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። ቃሉን ካወጣችው ቆይታለችና ጉሮሮዋን መጥረግ ነበረባት።

«አብሮ ይስጠን፣ ጋሼ ሳሙኤል» አለች።